በልቡ በኩል ያለው ቅንድብ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያላገኘ ደረጃው ላይ ይቀመጥ፤ ድንጋዩ ገና የቀን ሙቀቱን አልለቀቀም። የማወራችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ ብቻ ቀስ ብሎ የሚሰማ ነው። የቨርሊን ፔትዌይ ነገር ነው፣ የልጇም፣ ከሉሺየስ ፀጉር ቤት ጎን ያለው የዚያ ግድግዳም።

ቨርሊን እዚሁ ግሬር ሂል ሰፈር ተወልዳ እዚሁ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ናት። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስለምትሠራ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ምሳውን ከእሷ እጅ ተቀብሎ ነው ያደገው። የራሷ ልጅ ግን አንድ ነበር፤ ኮርዴል። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለሞተ ቤቱ የሁለት ሰው ቤት ነበር። ኮርዴል ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሳቁ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ በአውቶቡስ ጋራዥ የሚሠራ፣ ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። ሲስቅ አፉ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሌላ ምልክት ደግሞ ነበረው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ወድቆ ቅንድቡ ተሰነጠቀ፤ የግራው፣ በልቡ በኩል ያለው። ቨርሊን ያን ጊዜ መኪና አልነበራትም። በአውቶቡስ ውስጥ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በቀኝ እጇ የወጥ ቤት ጨርቅ ቅንድቡ ላይ ተጭና፣ ሐኪም ቤት በር እስክትደርስ እጇን አላነሣችም። ቁስሉ ዳነ። ፀጉር የማይበቅልበት፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጣ ያለች ጠባሳ ግን ቀረች።

ይህችን ጠባሳ ልብ አድርጉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእሷ ላይ ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ኮርዴል ከሥራ ሲመለስ ሁለት ፖሊሶች አስቆሙት። የሚፈልጉት እሱን አልነበረም። በሬዲዮ የተነገራቸው ሰው ጥቁር፣ ረጅም፣ ግራጫ መኪና የሚነዳ፣ ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ነው። ኮርዴል ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ መኪናው ግራጫ ነው፣ ጠባሳም አለው። እጅህን አንሣ አሉት፤ አነሣ። ውረድ አሉት፤ ለመውረድ የመኪናውን ቀበቶ ሊፈታ አንድ እጁን ዝቅ አደረገ። ተኮሱበት። የተፈለገው ሰው በዚያው ሳምንት በሌላ ከተማ ተያዘ።

በግሬር ሂል ሟች ፊቱ ታይቶ ይቀበራል፤ ኮርዴል ግን የተቀበረው ሣጥኑ ተዘግቶ ነው። የቀብር ቤቱ ሰውዬ ቨርሊንን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "እማማ፣ እንደነበረ አድርገው ቢያስቡት ይሻላል" አላት። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ ፊቱን ያየችው በዚያ ቀን ጠዋት፣ ዳቦ በአፉ ይዞ በሩን በክርኑ ሲዘጋ ነው።

ከወራት በኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ሰዎች ፖሊሶቹን የሚያስከስስ ነገር አላገኘንም ብለው ዘጉት። ቨርሊን እንድትናገር ዕድል ሲሰጧት ቆማ ወደ ፖሊሶቹ ዞረች።

"የምትፈልጉት ሰው ጠባሳው በቀኝ ነው" አለች። "የልጄ በግራ ነው። ፊት ለፊቱ ቆማችሁ ነበር። አላያችሁትም።"

ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ክራባት ያሰረ ሰው፣ ድምፁን አለስልሶ፣ "እመቤት፣ ነገሩ የተፈጸመው በሰከንዶች ውስጥ ነው" አላት።

"እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው" አለችና ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ግራ የሚለው ቃል የእሷ ሆነ፤ ቀጥሎም የሰፈሩ ሆነ። በየቅዳሜው ለኮርዴል በሚወጣው ሰልፍ ላይ አንዱ ከፊት ሆኖ "የትኛው ቅንድብ?" ይላል፤ ሕዝቡ "የግራው!" ብሎ ይመልሳል። ሁሉም ካናቴራውን ለብሶ ነው የሚወጣው። መቼም በግሬር ሂል ሰው ሲሞት ካናቴራ ይሠራለታል፤ ፎቶው ከፊት፣ ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ከኋላ። የኮርዴልን ፎቶ የመረጠችው ራሷ ቨርሊን ናት። እሱ ራሱ በስልኩ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እየሳቀ ያነሣው ፎቶ ነው። ሌላው ፎቶው ሁሉ ኮስተር ያለ ስለነበር፣ ይህን ስታይ ልቧ ወደሱ ሄደ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ፣ ሉሺየስ የሚባለው ፀጉር አስተካካይ ቨርሊንን በበሩ ስታልፍ አያት። ሉሺየስ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ሳይቀልድ ሰላም የማይል ሰው ነው። ኮርዴልን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የሚያስተካክለው እሱ ነበር።

"ቨርሊን፣ ነይ ግቢ። የጎን ግድግዳዬን ለልጁ ውሰጂው፤ ይሣልበት።"

"እዚያ ላይ ያለው ማስታወቂያህስ?"

"እሱማ 'የወንዶች ፀጉር፣ ፈጣንና ርካሽ' ነው የሚለው። ሲጻፍም ውሸት ነበር።"

"ርካሽ ስላልሆንክ?"

"ፀጉር ያለው ወንድ ስለማይመጣ።"

ወንበሩ ላይ የተቀመጠው መላጣ ሰውዬ ከፎጣው ሥር፣ "ሉሺየስ፣ እኔ እዚሁ ነኝ እኮ" አለ። ቨርሊን ሳቀች። ከሳቀች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር፣ ከአፏ ሲወጣ ደነገጠችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሠዓሊዋ ዛኪያ ትባላለች። ሁለት መንገድ አልፎ ያለ ቤት ያደገች፣ ሱሪዋ በቀለም የደረቀ፣ በከተማው ውስጥ ስንቱን ሟች ግድግዳ ላይ ያቆመች ሴት ናት። ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "የትኛውን ፎቶ ልሥራ?" ብላ ጠየቀች።

"የካናቴራውን ነዋ" አሉ ከዚያም ከዚህም።

"ያንን ሳቅ የማያውቅ ሰው አለ?" አለ ሉሺየስ።

ዛኪያ ግን ወደ ቨርሊን ዞረች። "ሚስ ቨርሊን፣ እርስዎስ?"

"የካናቴራው ይሁን" አለች ቨርሊን።

እንግዲህ ሥራው ተጀመረ። ሟች ሲሣል ሥራው እስኪያልቅ ቤተሰብ አያይም፤ ልማዱ ነው። ግድግዳው በሸራ ይሸፈናል፤ የልጅን ፊት በግማሽ ተሠርቶ ማየት የእናት ነገር አይደለምና። ቨርሊንም ለሥራ ስትወጣ በኋላ መንገድ ዞራ መሄድ ጀመረች። ሌላ ነገር አልተመኘችም፤ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ፊቱን እንድታየው ብቻ። ያ የተዘጋው ሣጥን የነሣትን ግድግዳው እንዲመልስላት።

በልደቱ ቀን መንገዱ ለመኪና ተዘጋ። ሰው ታጣፊ ወንበሩን ይዞ መጣ። ዓሣ ተጠበሰ፣ የጎድን ሥጋ በበርሜል ላይ ተጠበሰ፣ የስኳር ድንች ኬኩም በየዓይነቱ መጣ። ፓስተሩ ጸለየ፤ ሉሺየስ ገመዱን ሳበና ሸራው ወረደ።

ሁለት ፎቅ የሚያህል ኮርዴል እየሳቀ ወጣ።

አንዲት ሴት ስሙን ጠራች፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ስሙን እየጠራ አለቀሰ። አንዲት ትንሽ ልጅ የቨርሊንን ቀሚስ ይዛ፣ "ሚስ ቨርሊን፣ በጣም ትልቅ ሆነ" አለቻት።

"አዎ የኔ ማር፣ ትልቅ ሆነ።"

ቨርሊን አየችው። ሳቁ የሱ ነው። ጆሮው፣ ግንባሩ የሱ ነው። ግን አንድ ነገር ልክ አልመጣላትም። የገዛ ቤትህ ገብተህ ዕቃው ሁሉ እያለ፣ የሆነ ሰው ቦታ ቦታውን የቀያየረው ሲመስልህ እንደሚሰማህ ዓይነት ነው። ኀዘን ነው ዓይኔን ያጠፋው አለች በልቧ። ዛኪያን አቀፈቻት፣ ሰዉን ሁሉ አመሰገነች። የሰጧትን ሳህን ግን እንደያዘችው ቀዘቀዘ።

ክረምት ከበጋ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰው ከለመደው ነገር ጋር ይኖራል። ቨርሊን በየጠዋቱ በግድግዳው በኩል ታልፋለች፣ ቀና ትላለች፣ ትሄዳለች። ትምህርት ቤት ተከፍቶ ሥራ ሲጀመር፣ አብራት ለምትሠራው ለበርናዲን ነገረቻት።

"ሳየው የማያውቀኝ ይመስለኛል።"

"የኔ እህት፣ ግድግዳ እኮ ነው" አለች በርናዲን ድንች እየላጠች። "እንዴት አደርሽ እንዲልሽ ነው?"

"እንደሱ አይደለም።"

"እንዴት ነው ታዲያ?"

"እኔንጃ በርናዲን። ልጄ ነው፣ ግን የማየው እኔ አይደለሁም የሚያሰኝ ነው።"

በዚያው ሳምንት፣ ልጆቹ ምሳ ሳይገቡ፣ ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ክፍት ነበር። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በከተማው ግድግዳዎች ላይ ስለሚሣሉት ሟቾች ይከራከራሉ። የኮርዴል ፊት ብቅ ሲል በርናዲን "ቨርሊን፣ ነይ እይ" ብላ ጠራቻት።

"እናትየዋ ዓመት ሙሉ ግራ ነው፣ ግራ ነው ስትል ከረመች" አለ አንደኛው። "ይኸው የገዛ ሰፈሯ የሣለው። ጠባሳው በየት በኩል ነው? በቀኝ።"

ሌላው ሳቀ። "እነሱ ራሳቸው ካልለዩት ፖሊሱ በምን ይለየዋል?"

በርናዲን ዘላ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ቨርሊን ጭልፋውን አስቀመጠች። ከዚያ ባዶ ቀኝ እጇን ወደ አየሩ አነሣች፤ ጭኗ ላይ የተኛ ልጅ ያለ ይመስል፣ ቅንድቡን ፈልጋ ያዘች። እጇ የት እንደሚሄድ አላመነታም። ግድግዳው ላይ ያለው ግን በሌላው በኩል ነበር።

"ምን እየፈለግሽ ነው?" አለች በርናዲን።

"ቤት ልሂድ" አለች ቨርሊን።

ሽርጧን ሳትፈታ ሄደች። ሳሎኗ ውስጥ የኮርዴል የትምህርት ቤት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ላይ ካሜራ የያዘ ሰው ያነሣው፣ ኮስተር ያለው። አወረደችው። ካናቴራውን ከመሳቢያ አውጥታ አልጋው ላይ ዘረጋችና ፎቶውን አጠገቡ አደረገች። የትምህርት ቤቱ ልጅ ጠባሳው በልቡ በኩል ነው። የካናቴራው ልጅ በሌላው በኩል ነው። ሳቁ የሚያዘነብለውም ወደ ሌላው ነው። ፊቱ ሁሉ ዞሯል።

ቁጭ አለች። ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ አድርጋው ነበር። ካናቴራ የለበሰ ሰው ደግሞ ደረቱ ላይ ያለውን አያይም፤ የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ነው። ፊት ለፊቷ የነበሩትም ያንኑ ለብሰው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ "የግራው" እያለ ሲጮህ ደረቱ ላይ ቀኙን ያሳይ ነበር፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው አላስተዋለም። ወላጅ እናቱም ከመካከላቸው ነበረች።

ካናቴራውን አጥፋ ከፎቶው ጋር በብብቷ ይዛ ዛኪያ ወደምትሥልበት ጋራዥ ሄደች። ዛኪያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ስታይ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

"ስልኩ ነው" አለች ቆይታ። "ሰው ራሱን ሲያነሣ አንዳንዱ ስልክ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው። ማወቅ ነበረብኝ ሚስ ቨርሊን። ሥራዬ ነው።"

"እኔስ? እኔ እናቱ ነኝ።"

ዛኪያ በእጇ ላይ የደረቀውን ቀለም ትልጥ ጀመር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንድ ነገር ልበልዎት፣ ካልወደዱት ይተዉት። ሰው ራሱን በመስታወት ነው የሚያውቀው። ግድግዳው ላይ ያለው ኮርዴል፣ ኮርዴል ራሱን ያይ የነበረው ነው። እሱ ቢያየው 'እኔ ነኝ' ይል ነበር" አለች።

ቨርሊን አሰበችበት። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ እዚያው ላይ ሊያርፉበት የሚያባብል ሐሳብ ነው። ብዙ ካሰበች በኋላ ራሷን ነቀነቀች።

"እነዚያ ሰዎች የቆሙት መስታወት ውስጥ አይደለም ልጄ። ፊቱ ቆመው ነበር። ፊት ለፊታቸው የነበረው እኔ የማየው ፊት ነው። ያንን ሳያስተውሉ ነው የተኮሱት። እኔ እዚያ ግድግዳ ላይ ሰው እንዲያይልኝ የምፈልገው እሱን ነው።"

"እሺ። ጠባሳውን ላዛውረው?"

"ጠባሳውን ብቻ ካዛወርሽውማ ሦስተኛ ሰው ይሆናል።"

"እንግዲያው ሚስ ቨርሊን…" ዛኪያ ቃሉን ፈራችው። "መጀመሪያ በነጭ ላለብሰው ነው። ሙሉውን።"

"አውቃለሁ" አለች ቨርሊን።

ነገሩ ፀጉር ቤት ሲደርስ ጩኸት ሆነ። ሟች የተሣለበት ግድግዳ አይነካም። ባዶ ግድግዳ አይተው የማያልፉት፣ ስማቸውን በየበሩ በቀለም የሚረጩት ጎረምሶች እንኳ ሟች ካለበት እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሉሺየስ መቀሱን አስቀመጠ። ያን ቀን አልቀለደም።

"ግድግዳው የኔ ነው፤ ሰጥቼሻለሁ። ሌላ ሰው ይሣልበት ብትይኝ እሺ እልሻለሁ። ግን በዚህ ልጅ ፊት ላይ ነጭ ቀለም ሲደፋ ቆሜ አላይም።"

"አጠፉት ነው የሚሉን" አለ ተራ የሚጠብቅ ሰው። "ቴሌቪዥን ስለሳቀብን አጠፉት።"

"ይበሉ" አለች ቨርሊን።

"ቨርሊን፣ ሕፃናቱ ያንን ለምደዋል" አለ ሉሺየስ። "እኔም ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ለእኔ ትክክል ነው።"

"እንዴት ነው ላንተ ትክክል የሚሆነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፀጉሩን ስታስተካክል?"

ሉሺየስ ሊመልስ ዞር አለ። ወንበሩን አየ፤ ከወንበሩ ፊት ያለውን ትልቅ መስታወት አየ። ሁልጊዜ የሚቆመው ከኋላ ነው። ኮርዴልን ያይ የነበረው እዚያ መስታወት ውስጥ ነው።

"ጌታ ሆይ" አለ፣ ቀስ ብሎ። "እኔም አላየሁትም።"

ቨርሊን አጠገቡ ሄዳ ክንዱን ያዘች። "ሉሺየስ፣ እነሱ ሳያዩ ገደሉት። እኛ ሳናይ ሣልነው። የእነሱን ማቃናት አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር። የእኛን ግን ማቃናት እችላለሁ። አታስቸግረኝ።"

መላጣው ሰውዬ ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገና፣ "መሰላል የሚይዝ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ" ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ዛኪያ የቀለም መቀቢያ ሩሎውንና ነጩን ቀለም ይዛ መጣች። ቨርሊን ቀድማት ደርሳ፣ ታጣፊ ወንበሯን ከመንገዱ ማዶ ዘርግታ ተቀምጣለች።

"ሚስ ቨርሊን፣ ይህን እንኳ አይዩ። ቤት ይሁኑና ስጨርስ ልጥራዎት።"

"አየዋለሁ። ከታች ጀምሪ። ዓይኑን መጨረሻ አድርጊው።"

ዛኪያ ግድግዳው ሥር የቆመው ርብራብ ላይ ወጥታ ከትከሻው ጀመረች። ሩሎው ሲሽከረከር እርጥብ ድምፅ አለው፤ ያ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰው አንድ በአንድ ከየቤቱ ወጣ። አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አንዳንዱ ማየት አቅቶት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሉሺየስ አላይም ብሎ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ ነጭ ፎጣ በእጁ እየጠመዘዘ አየ። አንገቱ ሄደ። አገጩ ሄደ። ሳቁ ሄደ። ከሳቁ በላይ ዓይኖቹ ብቻ ሲቀሩ፣ ሳቁ እንደጠፋባቸው አላወቁም፤ አሁንም ይስቃሉ።

ዛኪያ ከርብራቡ ላይ ሆና ዞር ብላ ቨርሊንን አየቻት። ቨርሊን ተነሥታ ቆመች፤ በሣጥን ፊት እንደሚቆም ሰው እጆቿን ደርባ። ራሷን ነቀነቀችላት።

ነጩ በዓይኖቹ ላይ አለፈ።

ከቨርሊን እንደ ሳል ያለ አጭር ድምፅ ወጣ። በቀብሩ ቀን ያ የቀብር ቤቱ ሰውዬ አይዩ ብሎ የከለከላትን፣ ፊቱ ሲሄድ፣ አሁን አየችው። ፀሐይ ባረፈበት ነጭ ግድግዳ ፊት እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጠች። በርናዲን መጥታ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዛኪያ በማግሥቱ አዲሱን ጀመረች። በዚህ ጊዜ ሸራ አልተሰቀለም። ቨርሊን ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ እየመጣች አየችው፤ ጆሮ ብቻ ሆኖ፣ አንድ ዓይን ብቻ ሆኖ፣ አፍ ሳይኖረው። የትምህርት ቤቱን ፎቶ ዛኪያ መሰላሉ ላይ አስራዋለች። ሳቁ ሲደርስ፣ "ወደ የት ነበር የሚያዘነብለው?" ብላ ጠየቀች፤ ቨርሊን የገዛ አፏን ወደዚያ አድርጋ አሳየቻት።

ሁሉም አልቆ አንድ ነገር ሲቀር ዛኪያ ወረደች። በትንሽ ጣሳ ነጣ ያለ ቡናማ ቀለምና አንድ ብሩሽ ይዛለች።

"ይህቺን እርስዎ ያድርጓት" አለች።

ቨርሊን ጫማዋን አውልቃ ርብራቡ ላይ ወጣች፤ መላጣው ሰውዬ መሰላሉን ከሥር ያዘ። ላይ ስትደርስ ኮርዴል ጠፋባት። ከዚያ ቅርበት ፊት የሚባል የለም፤ ሰፊ ቡናማ ግድግዳና ከራሷ በላይ የተዘረጋ አንድ ጥቁር ቅንድብ ብቻ ነው። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረች። ቀኝ እጇን ስታነሣ፣ እጇ ራሱ ወደ ቦታው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቆመ።

ከታች ያሉት ጠበቁ። ዛኪያ፣ "ሚስ ቨርሊን፣ ከከበደዎት እኔ እሠራዋለሁ" አለቻት።

"በዚህ እጅ ነው ደሙን ያቆምኩት" አለች ቨርሊን። ለማን እንደተናገረችው አልታወቀም። "አሁን በዚሁ እጅ መልሼ ልሰንጥቀው?"



"ሌላ ሰው ግን አይነካውም" አለችና ቀለሙን አሳረፈችው። ግድግዳው ትልቅ ስለሆነ ጠባሳዋም የክንዷን ግማሽ ታህል ነበር። ቀስ ብላ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ ሐኪሙ ሲሰፋው እንዳየችው አድርጋ ሞላችው። ስትጨርስ ግንባሯን ከቅንድቡ በታች ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየች። ስትወርድ ግንባሯ ላይ የኮርዴል ቀለም ነበረበት፤ ያበሰላት የለም።

መንገዱን ተሻግራ ዞራ አየችው።

ልጇ ነበር። ምንም የተቀያየረ ነገር የለውም። ዳቦ በአፉ ይዞ በሩን በክርኑ የዘጋው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ቨርሊን የወደቀችው። የተሳሳተው ፊት ዓመቱን ሙሉ ያልነገራትን ይኸኛው ነገራት። የማያውቃት መስሎ ሲያያት፣ ያኛው ኮርዴል፣ የእሷው፣ ገና ከሥራ ያልተመለሰ ነበር የሚመስላት። አሁን ተመለሰ፤ ግድግዳ ላይ ሆኖ። አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። ሉሺየስና በርናዲን ግራና ቀኝ ሆነው ደገፏት እንጂ አላባበሏትም። ማባበል ነውር የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች አዲሱን ግድግዳ አላሳዩትም። ፖሊሶቹም አልተከሰሱም፤ አንደኛው እስከ ዛሬ በሥራው ላይ ነው ይባላል። ካናቴራው በትክክለኛው ፎቶ እንደገና ተሠራ፤ ልጁ ኮስተር ያለበት ነው፤ ቨርሊንም በሰልፉ ቀን እሱን ትለብሳለች። ስለዚህ ነገር የተለወጠ ብዙ የለም። ወደ ሥራዋ ስትሄድ ግን መንገዱ ላይ ቆማ ረዘም ላለ ጊዜ ታየዋለች፤ አንዳንድ ቀን በርናዲን መጥታ በክንዷ ይዛ እስክትወስዳት።

በሉ እንግዲህ፣ ይኸው ነው። ሂዱ፣ ግቡ፤ አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልጁ ኮርዴል ፔትዌይ ይባል ነበር። ማታ ቤታችሁ ስትገቡ፣ የራሳችሁ ሰው በሩን ከፍቶ ሲቀበላችሁ፣ ፊቱን ትንሽ ቆየት ብላችሁ እዩልኝ፤ ስታዩትም ያንን ልጅ አስቡልኝ።